አቴንስ ወይስ ቫንኩቨር?

አለቃዬ «በዓመት ለአንድ ኮንፈረንስ ብቻ ነው የምንከፍልልህ» ሲለኝ፣ ሁለት ሠርግ በአንድ ቀን እንደተጠራ ሰው ሆንኩ። እ.ኤ.አ. በ2024 ፖስትግሬስ በሚባለው ዳታቤዝ (የመረጃ ቋት) ለምንሠራ ለእኛ ግንቦት ላይ ቫንኩቨር፣ ጥቅምት ላይ አቴንስ ነበር። ሁለቱም አራት አራት ቀን፣ ሁለቱም ስለ አንድ ዳታቤዝ።

ስማቸው ይመሳሰላል እንጂ ሰዎቻቸው ይለያያሉ። የቫንኩቨሩ ፒጂኮንፍ ዴቭ ቀድሞ ኦታዋ ይካሄድ የነበረውን ፒጂኮን የተካ ነው፤ ኮዱን የሚጽፉት ሰዎች ስለሚቀጥለው ቨርዥን የሚከራከሩበት። እኔ ደግሞ ፖስትግሬስ የተጻፈበትን የሲ ቋንቋ ኮድ ከነካሁ ዓመታት አልፈዋል። ፍራንክፈርት ቁጭ ብዬ እንቅልፍ የሚነሳኝ ባክአፕ (የመረጃው መጠባበቂያ ቅጂ) ነው፤ ሌሊት የጀመረው ጠዋት ቡናዬን ጠጥቼም አላለቀም።

ስለዚህ የአቴንሱን ፒጂኮንፍ ኢዩ መረጥኩ። ወሩም አግዞኛል። ፖስትግሬስ 17 የወጣው መስከረም ላይ ነው፤ ከእሱ ጋር ደግሞ የተለወጠውን ብቻ የሚይዝ ኢንክሪመንታል ባክአፕ መጣ። ገና ትኩስ ሳለ ከሌሎች የዳታቤዝ አስተዳዳሪዎች ጋር ቡና ይዤ ላወራበት ፈለግኩ። የኮንፈረንስ ፕሮግራም ስከፍት ከንግግሩ ርዕስ በፊት የማየው ተናጋሪው ዳታቤዝ ያስተዳድራል ወይስ ይሸጣል የሚለውን ነው።

(የረቡዕና የዓርብ ምሳ ነገርም አላሳሰበኝም፤ ግሪኮችም ስለሚጾሙ «ኒስቲሲሞ» (የጾም) ካልክ ይገባቸዋል።)

ከኪሴ የምከፍል ብሆን ብራሰልስ ነበር የምሄደው። እዚያ የሚካሄደው የነፃ ሶፍትዌር ጉባኤ፣ ፎስዴም፣ ክፍያም ምዝገባም የለበትም፤ በዋዜማው ዓርብ ደግሞ የፖስትግሬስ ቀን አለ።

ለአለቃዬ የላክሁት ኢሜል ሁለት መስመር ነበር፦ አንዱ የባክአፑ ሰዓት፣ ሌላው የአውሮፕላኑ ዋጋ።