የአባቴ ቆርኪዎች

አባቴን ከድሬዳዋው ከዚራ ሠፈር ሳቢያን ወዳለው ቤቴ ያመጣሁት እናቴ ባረፈች በዓመቷ ነው። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነው። ያን ጊዜ ዘመድ ወዳጁ ሁሉ "ሽማግሌ ብቻውን ይተዋል እንዴ?" ይለኝ ነበር፤ እኔንም እንቅልፍ የሚነሳኝ ይኸው ነበር። ሌሊት ቢያመውስ? መታጠቢያ ቤት ቢያዳልጠውስ? አንዱን ክፍል አስቀባሁለት፣ ቬንትሌተር አስገጠምኩለት፣ አልጋውን ከነፍራሹ አስመጣሁለት። ሰው ሁሉ መረቀኝ። ወላጅ የሚጦር ይባረካል ተባልኩ። አምኜም ተቀበልኩ።

አባቴ የሸመንደፈር ሰው ነው። ዕድሜውን የፈጀው እዚሁ ድሬዳዋ፣ የባቡሩ ጥገና ክፍል ውስጥ ከብረትና ከመዶሻ ጋር ነው። ድሬ ራሷ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናትና የባቡር ሠራተኛ ከተማዋን እንደ ቤቱ ቢያያት አይፈረድበትም። ጡረታ ከወጣ በኋላ፣ የድሮው ባቡርም ካቆመ በኋላ፣ ጠዋት ጠዋት ከቤቱ ወጥቶ ሃምሳ እርምጃ ያህል ይሄድና አንድ ሻይ ቤት በር ላይ ካለው ዛፍ ሥር ይቀመጣል። አራት ነበሩ። አንዱ የሽንሌ ሶማሌ፣ አንዱ የመልካ ጀብዱ ኦሮሞ፣ አንዱ በልጅነታቸው ሐዲዱን ተከትለው ከአዋሽ የመጡ፣ አራተኛው አባቴ። ዳማ ይጫወታሉ። ጠጠሩ የለስላሳ ቆርኪ ነው፤ 12ቱ በፊቱ፣ 12ቱ በጀርባው። የሚያስቀምጠው አባቴ ነው፣ በኒዶ ጣሳ። ጨዋታው ላይ አማርኛው፣ ኦሮምኛው፣ ሶማልኛው ይደባለቃል፤ ሲናደዱ ደግሞ ከድሮ አለቆቻቸው የቀሰሙት ፈረንሳይኛ ይጨመርበታል። ከአራቱ አንዱ ከቀረ ሦስቱ ተነስተው ቤቱ ድረስ ይሄዳሉ። እኔ "ብቻውን ነው የሚኖረው" እያልኩ እጨነቅለት የነበረው ይህ ሰው ነው።

ከከዚራ ሳቢያን ሩቅ አይደለም፣ በባጃጅ አፍታ ነው። ግን የ78 ዓመት ሰው፣ ያውም ጆሮው የደከመ፣ በዚያ ፀሐይ መንገድ አቋርጦ ባጃጅ ይያዝ ማለት አልቻልኩም። "አባዬ፣ ብቻህን አትውጣ" አልኩት። እሱም እሺ አለ። ከዚራ በሩን ሲከፍት መንገዱ ነበር፤ አላፊ አግዳሚው እንዴት አደርክ ይለዋል። እኛ ቤት በሩን ሲከፍት ግቢው ነው፣ ከግቢው በኋላ የተቆለፈ የብረት በር። ቤት ውስጥ ስድስት ነን። ጠዋት ሁላችንም እንበተናለን። ከሰዓት ከ7 እስከ 10 ሰዓት ሙቀቱ ድሬን ዘግቶ ያስተኛታል፣ እሱ ግን ቀን መተኛት አያውቅም። ማታ ስንሰበሰብ ልጆቹ ስልካቸው ላይ፣ እኛ ቴሌቪዥኑ ላይ። ስንስቅ ያየናል፣ ትንሽ ቆይቶ እሱም ይስቃል። ያ ዘግይቶ የሚመጣ ሳቁ አሁን ነው የገባኝ። የሳቅነበትን አይሰማም ነበር።

አንድ ቅዳሜ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውን የኤሌክትሪኩን ባቡር እንዲያይ ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለው ጣቢያ ወሰድነው። ቆሞ አየው። "ድምፅ የለውም" አለ። ተመለስን።

የመጀመሪያው ዓመት ሲያልቅ ምግብ መቀነስ ጀመረ። ወገቤን ነው፣ ሆዴን ይነፋኛል፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ ይላል እንጂ ከፋኝ አላለም። የእሱ ዘመን ሰው ከፋኝ አይልም። ጢሙን መላጨት ተወ። የነገርኩትን ይረሳል፣ ስጠራው ዝም ይላል። እርጅና ነው አልን። እኔ በሆዴ የመርሳት በሽታ ነው ብዬ ደምድሜ ነበር።

የአዋሹ ጓደኛው የሞቱት በዚህ መሃል ነው። የተደወለው ለእኔ ነው። ከባለቤቴ ጋር ተማከርንና ለአባቴ እንዳይነገረው ወሰንን። በዚህ አቅሙ ልቡ አይችለውም አልን። መርዶ መደበቅ እኛ ዘንድ ፍቅር ነው፤ እኔም ያደረግሁት በፍቅር ነው። ሳምንታት አለፉ። አባቴ "ያ ሰውዬ ስልክ እንኳ አይደውልም?" ይለኛል። "ይደውላል አባዬ፣ ኔትወርኩ ነው" እለዋለሁ። አንድ ማታ የኒዶውን ጣሳ በእግሩ አልጋው ሥር ገፋ አደረገና "በቃ፣ ረስቶኛል። ከዓይን ሲርቁ ከልብ መራቅ ነው" አለ። በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። የሞተ ወዳጁን ከዳኝ ብሎ ሲያዝንበት ዝም አልኩ። ከሁሉ የሚቆጨኝ ያ ማታ ነው።

በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ወጣት ናት። እሱን ስትጠይቀው እኔ እመልሳለሁ፤ ሁለቴ ታገሠችኝና በሦስተኛው "እህቴ፣ አባባ ይንገሩኝ" አለችኝ። ወንበሯን አስጠግታ፣ ፊት ለፊት እያየችው፣ ሳትጮህ ቀስ ብላ ጠየቀችው። አዎ ወይም አይደለም የሚባልባቸው፣ ለአረጋውያን የተዘጋጁ 15 ጥያቄዎች ናቸው። ከመውጣት ይልቅ ቤት መቀመጥ ይመርጣሉ? ሕይወትዎ ባዶ መስሎ ይሰማዎታል? እዚህ ላይ አባቴ መሬት መሬት አየና "አዎ ልጄ" አላት። ጥያቄዎቹ ካለቁ በኋላ ደግሞ "ቡና ከማን ጋር ነው የሚጠጡት?" አለችው። ብዙ ቆየና "ዳማ እጫወት ነበር" አላት።

ድባቴ ነው አለችን። በዚህ ዕድሜ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በለቅሶ ሳይሆን በወገብ፣ በሆድና በእንቅልፍ በኩል ነው፤ ሐሳብ ስለሚበትንም የመርሳት በሽታ ይመስላል፤ ግን ይታከማል። ጆሮውንም አየችለት። ከፊሉ ኩክ ነበር፣ ታጥቦ ወጣ። የቀረው የዚያ ሁሉ ዓመት የመዶሻ ድምፅ የጎዳው ነው፣ አይመለስም።

ያን ሌሊት ሳነብ አደርኩ። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን እንደ ፈረንጆቹ በ2024 ለመርሳት በሽታ የሚያጋልጡና መከላከል የሚቻልባቸውን 14 ነገሮች ሲዘረዝር የጆሮ መድከምና ከሰው መነጠል ሁለቱም አሉበት። እኛ ቤት አንዱ ሌላውን እየጎተተ ነው የመጣው፤ ስላልሰማ ዝም አለ፣ ዝም ስላለ ተውነው። ሮበርት ዌይስ የሚባል አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ሰው ደግሞ በፈረንጆቹ 1973 ብቸኝነትን ለሁለት ከፍሎታል፤ አንዱ የቅርብ ሰው ማጣት፣ ሌላው ባልንጀሮችን፣ የሚቀመጡበትን ክብ ማጣት፤ አንዱ የሌላውን ቦታ አይሞላም ይላል። ይህን ሳነብ ጣሳው ትዝ አለኝ። እኔ ልጁ ነኝ፤ የቱንም ያህል ብወደው አብሮት ብረት የቀጠቀጠ ሰው ልሆንለት አልችልም።

መርዶውን ከዕድሩ የመጡ ሦስት ሽማግሌዎች ነገሩት፣ እንደ ወጉ ንጋት 11 ሰዓት ላይ። ገና በሩ ላይ ሲያያቸው ገባው። አለቀሰ። ሲረጋጋ "መቼ ነው?" አለ። ነገሩት። "አርባው ወጥቷል?" "ወጥቷል።" ዞሮ አየኝ። ሁለት ቀን አላናገረኝም። በሦስተኛው ቀን ቁርስ ሳቀርብለት "ቀብሩ ላይ ሳልቆም የቀረሁት እሱ ብቻ ነው" አለኝ። ቀጠለና "ከዚህ በኋላ ሰው ሲሞት አትደብቂኝ። የሚሞቱት የኔ ሰዎች ናቸው" አለ።

በጓደኛው ሰማንያ ቀን ለቅሶ ቤቱ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ አንድ የሠፈራችን ልጅ ጠዋት 1:30 ላይ በባጃጁ ከዚራ ጓደኞቹ ጋ ያደርሰዋል፣ ፀሐዩ ሳይበረታ 5 ሰዓት ላይ ይመልሰዋል። መድኃኒቱን ይወስዳል። እራት ላይ ቴሌቪዥን እናጠፋለን፣ ስናናግረው ፊቱን እያየን ነው። ሁሉም ቀን ጥሩ ነው አልልም፤ ባጃጁ ደርሶ ቆሞ "ዛሬ ይቅርብኝ" የሚልበት ጠዋት አለ። ባለፈው ወር ደግሞ "ከዚራ ልመለስ?" ብሎ ጠየቀኝ። ቤቱን አስረክበነዋል፣ ሌላ ሰው ይኖርበታል። ይህን ላስተካክልለት አልቻልኩም። ነገርኩት፤ ራሱን ነቀነቀ፤ ሌላ አልጠየቀኝም።

ዛሬ ማታ ጣሳውን አልጋው ላይ ገልብጦ ቆጠረ። 23። አንዱ ጠፍቷል። ትንሹ ልጄ ስልኩን ጥሎ በሆዱ አልጋው ሥር ገባ፣ አላገኘም። ሱቅ ልኬ ለስላሳ አስመጣሁ፣ ልጁ ጠጣው፣ አባቴ ቆርኪውን ተቀብሎ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳበሰው። "አዲስ ነው፣ ይንሸራተታል" አለ። ጣሳው ውስጥ ጨመረው። ነገ ሐሙስ ነው።