ቢሊ ዘ ኪድን ፍለጋ ሄደን ግብር ሰብሳቢ አገኘን

አሜሪካ፣ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ያለችው ትንሿ ከተማ ሊንከን ማለት አንድ መንገድ ናት፤ አውራ ጎዳና 380። ከካፒታን ወደ ምሥራቅ የሪዮ ቦኒቶን ሸለቆ ይዛችሁ ስትወርዱ ግራና ቀኝ የጭቃ ጡብ ቤቶች ይመጣሉ። ከዚያ አለቀ። ስንቃችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

አብሮኝ የሄደው ጓደኛዬ የመጣው እንደ ሁሉም ጎብኚ ለዝነኛው የድሮ ሽፍታ ለቢሊ ዘ ኪድ ነው። እኔን የሳበኝ ግን ሸሪፉ፣ የአካባቢው ፖሊስ አለቃ ነው። አሜሪካ ስኖር ያልለመድኩት ነገር ቢኖር ይህ ሥልጣን ነው። ፖሊስ እንደ ምክር ቤት አባል በምርጫ ይሾማል? ስሙስ በምርጫ ሰሌዳ ተጽፎ በየሰው ግቢ ሣር ላይ ይተከላል? አገር ቤት ያሉ ሰዎች ሲጠይቁኝ “የድሮ ጭቃ ሹም በሉት፣ ሽጉጥ ታጥቆ በድምፅ የተመረጠ” እላቸዋለሁ። ሊንከን ስደርስ ያልኩት ከጠበቅኩት በላይ ትክክል ሆኖ አገኘሁት። በዚያ ዘመን የሊንከን ሸሪፍ ግብር ሰብሳቢም ነበር።

የሊንከን ካውንቲ፣ እንደ እኛ አውራጃ በሉት፣ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1869 ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በፈረንጅ ናቸው።) ቆዳ ስፋቱ ጉድ ነበር፤ የኒው ሜክሲኮን ደቡብ ምሥራቅ ጠቅልሎ ይዟል። ይህን ሁሉ አገር የሚጠብቀው ሸሪፍ ከጥቂት ምክትሎች ጋር ነው። ገንዘቡም በእሱ እጅ ያልፋል። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ሸሪፉ ዊሊያም ብሬዲ ከአየርላንድ የመጣ የቀድሞ ወታደር ነበር። የከተማው ትልቅ ሱቅ ባለቤት መርፊና ተከታዩ ዶላንም አይሪሾች ናቸው። ሱቁ ገበሬውን በዱቤ አስሮ፣ ለጦር ሰፈሩ ሥጋና እህል እያቀረበ አገሩን ይዞት ነበር። ተንስታል የሚባል ወጣት እንግሊዛዊ መጥቶ ሌላ ሱቅ ከፈተ። ቀጥሎም በጃንዋሪ 1878 ለጋዜጣ ደብዳቤ ጻፈ። ሸሪፉ የሰበሰበው የግብር ገንዘብ የዶላንን ሱቅ ጉዳይ መሙያ ሆኗል ብሎ በአደባባይ ከሰሰ። ፌብሩዋሪ 18 ላይ፣ ከብቱን በዕዳ ስም ሊያግዱ የተላኩ የሸሪፉ ሰዎች ተኩሰው ገደሉት።

የተንስታል ሱቅ ዛሬም ቆሟል። መደርደሪያው ፊት ቆሜ ሳየው ያ ሁሉ ደም የዱቄትና የቡና ገበያ ጉዳይ መሆኑ አልዋጥልህ አለኝ። ኤፕሪል 1 ቀን የተንስታል ወገኖች ከዚሁ ሱቅ አጥር ጀርባ አድፍጠው፣ ብሬዲን ከምክትሉ ጋር መንገድ ላይ ጣሉት። ቢሊ ከተኳሾቹ አንዱ ነበር።

ከብሬዲ በኋላ ኮፕላንድ ተሾመ። ብዙም አልቆየም። ለግብር ሰብሳቢነቱ ማስያዝ የነበረበትን ዋስትና አላስያዘም ተብሎ በአገረ ገዥው ተነሳ። ሰበቡ ሕጋዊ ነው፤ ግን ኮፕላንድ ለተንስታል ወገን ያደላ ነበርና ሳይታለም የተፈታ ነው። በቦታው የዶላን ወገን የሆነው ፔፒን ገባ። በጁላይ ከተማዋ ለ5 ቀን ስትታኮስ ሰነበተች። የተንስታል ጠበቃና አጋር የነበረው ማክስዊን ቤቱ ተቃጥሎ እሱም ተገደለ።

የሚገርመው ደግሞ ሕንጻው ነው። የመርፊ ባለ ሁለት ፎቅ ሱቅ ሲከስር ካውንቲው ገዝቶ ፍርድ ቤት አደረገው። ሸሪፉን በኪሱ የያዘው ሱቅ የሸሪፉ ቢሮ ሆነ ማለት ነው። ፓት ጋሬት በ1880 መጨረሻ ተመርጦ የተቀመጠው እዚህ ነው።

ደረጃውን ስትወጡ እንጨቱ ይንቋቋል። ግርጌው ላይ ግድግዳው ተቦርቡሯል፤ የጥይት ነው ይላሉ። ጓደኛዬ ጣቱን ሊከት ሲል ያዝኩት። ላይ ቢሊ በሰንሰለት ታስሮ የነበረበት ክፍል አለ፤ መግቢያው በሸሪፉ ቢሮ በኩል ነው። ብሬዲን ገድለሃል ተብሎ ስቅላት ተፈርዶበታል። በዚያ ጦርነት ከተገዳደሉት ሁሉ የተፈረደበት እሱ ብቻ ነው። ኤፕሪል 28 ቀን 1881 ምክትል ቤልን ደረጃው ላይ ገደለ። ምክትል ኦሊንገር ሌሎች እስረኞችን ምሳ ሊያበላ ማዶ ሆቴል ነበር። ተኩስ ሰምቶ እየሮጠ ሲመጣ ቢሊ በኦሊንገር በራሱ ጠመንጃ ከመስኮቱ ጠብቆ ጣለው፤ ከዚያም አመለጠ። በመስኮቱ ቁልቁል አየሁ። ርቀቱ ምንም አይደለም፤ ሰው ተጣርቶ የሚሰማማበት ነው።

ጋሬት የት ነበር? ዋይት ኦክስ፣ ግብር ሊሰበስብ።

ቀሪውን ሁሉም ያውቀዋል፤ በጁላይ 14 ሌሊት ፎርት ሰምነር ላይ ቢሊን ገደለው። ውጭ በረንዳው ላይ ሆኖ ይጠብቅ የነበረው የጋሬት ምክትል ጆን ፖ ቀጣዩ ሸሪፍ ሆነ፤ በኋላም ሮዝዌል ላይ ባንክ ከፈተ። ለእኔ ብልሁ ፖ ነው። ጋሬት ግን አልቀናውም። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ኤል ፓሶ ላይ የጉምሩክ ቀረጥ ሰብሳቢ አደረጉት፤ ሹመቱ ሳይታደስለት ቀረ። ከዚያ የራሱን ግብር መክፈል አቃተው። ዕዳ ተቆለለበት፣ ንብረቱ በሐራጅ ወጣ። ፌብሩዋሪ 29 ቀን 1908 ላስ ክሩሴስ አጠገብ መንገድ ላይ ከኋላው ተመትቶ ሞተ። የተከሰሰው ሰው በነፃ ተለቀቀ።

ስንመለስ በካሪዞዞ አለፍን። የካውንቲው መቀመጫ አሁን እዚያ ነው፤ የሸሪፉ ቢሮም እንዲሁ። ሸሪፉ ዛሬም በ4 ዓመት አንዴ ይመረጣል፤ በተከታታይ ከሁለት ዙር በላይ ግን አይፈቀድለትም። ግብሩን ወስደውበታል። እሱን የሚሰበስበው ሌላ ተመራጭ፣ የካውንቲው ገንዘብ ያዥ ነው።