ፎርድ ሞዴል ኤዬን ከዘንግ ፍሬን ወደ ዘይት ፍሬን፦ እስካሁን የደረስኩበት

አራቱም ጎማ ላይ የዘይት ፍሬን ገብቷል። ፔዳሉ ሲረገጥ ጠንካራ ነው፤ መንገድ ግን ገና አልወጣችም። አሮጌ ፎርድ ላይ ይህን ለመሥራት ለምታስቡ ያየሁትን ሳልረሳው ልጻፈው።

ሞዴል ኤ ከፋብሪካ የወጣው በዘንግ በሚጎተት ፍሬን ነው። ክራይስለር እ.ኤ.አ. በ1924 የዘይት ፍሬን ሲገጥም ፎርድ እስከ 1939 ሞዴል ድረስ ከዘንግና ከካቦ አልወጣም። እውነቱን ለመናገር ዘንግም በደንብ ከተስተካከለ ይይዛል። ጣጣው አራቱን እኩል ማድረጉ ላይ ነው፤ አንዱ ቀድሞ ከያዘ መኪናዋ ወደዚያው ትጎተታለች። ዘይት ግን ግፊቱን ለሁሉም እኩል ያደርሳል።

ብዙ ሰው የሚገጥመው ከ1939 እስከ 1948 የነበረውን ባለ 12 ኢንች ታምቡር ነው፣ እኔም እሱን መረጥኩ። ሸራዎቹ የሚታሰሩበት ሳህን መሀል ላይ ያለው ቀዳዳ ግን ለሞዴል ኤ አክሰል ይሰፋል። መሙያ ቀለበት ይፈልጋል። በቡሎን ብቻ ጥርቅም ካደረጋችሁት ሳህኑ ከመሀል ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ሸራ ብታስተካክሉ ባታስተካክሉ ለውጥ የለውም።

ትልቁ ሥራ ሸራው ጋር ነው፣ ዘይቱ ጋር አይደለም። ታምቡር ቶርኖ ላይ ሲላጭ ይሰፋል፣ አዲሱ ሸራ ደግሞ ለድሮው ስፋት የተቆረጠ ስለሆነ መሀሉ ብቻ ይነካና ጫፎቹ አየር ላይ ይቀራሉ፤ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ የሚለው ሁልጊዜ አየር ስለገባ እንዳይመስላችሁ፣ ሸራው እየታጠፈም ሊሆን ይችላል። ሸራውን ጠመኔ ቀቡት፣ ታምቡሩን ግጠሙና ፍሬን ትንሽ እየያዛችሁ አዙሩት፣ ከዚያ ፍቱት። ጠመኔው የለቀቀበት ቦታ ነው የሚነካው። ከጫፍ ጫፍ እስኪነካ ሸራው በታምቡሩ ልክ መሞረድ አለበት። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል አቧራውን በኮምፕረሰር አትንፉት፣ አርጥቡና ጥረጉት። በዚህ ፍሬን ላይ ረጅሙ ሸራ ወደ ፊት ነው የሚዞረው። ቤንዲክስ በሚባለው ሌላ ዓይነት ፍሬን ላይ ደግሞ አጭሩ ነው ወደ ፊት፤ ሁለቱን የለመደ መካኒክም ይምታታበታል።

ማስተሩን፣ ማለትም ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋውን ዋና ሲሊንደር፣ ባለ ሁለት ክፍል አደረግኩት። የ1939ኙ ባለ አንድ ነው፣ አንድ ቱቦ ከፈሰሰ አራቱም ጎማ ባዶ ይቀራል። ማስተሩ ወለል ስር ስለሚቀመጥና ከጎማዎቹ ሲሊንደር ዝቅ ስለሚል ዘይቱ ወደ ኋላ እንዳይመለስ 10 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) የሚይዝ ቫልቭ ያስፈልገዋል፤ የ1939ኙ ውስጡ አለው፣ አዲስ የምትገዙትን ግን ጠይቁ። ፔዳሉና ማስተሩ መካከል ትንሽ ክፍተት መተው ግዴታ ነው። ክፍተት ከሌለ መመለሻዋ ቀዳዳ እንደተዘጋች ትቀራለች፣ ዘይቱ ሲሞቅ መውጫ ያጣል፣ ፍሬኑም እየነዳችሁ ራሱን ይይዛል።

ቱቦው 3/16 ኢንች ኒኬል የተቀላቀለበት መዳብ ነው፤ ለመታጠፍ ይመቻል፣ አይዝግም። ጫፉ ድርብ ታጥፎ ነው የሚገባው። አየር ያወጣሁት ከማስተሩ ከሚርቀው ጎማ ጀምሬ ነው፣ የተለመደው አሠራር ነው።

የቀረኝ የእጅ ፍሬን ነው። የሞዴል ኤ ማንሻ የሚጎትተው ዘንግ ሲሆን አዲሱ የኋላ ፍሬን የሚፈልገው ካቦ ነው፤ ማንሻውን ሳልቀይር ካቦ ላስርበት እየሞከርኩ ነው። ይህን የሠራ ካለ የካቦውን ርዝመትና ያሰረበትን ቦታ ይጻፍልኝ።