ብርዝ በብርሌ

ዛሬም አንዱ ጠየቀኝ፤ «አቆምክ አሉ?» ምን ልበለው? አረቄ ከተውኩ 5 ወር ሆነኝ። ጫት ግን ቅዳሜ ቅዳሜ እቅማለሁ። ሰው «አቆመ» ወይ «ተበላሸ» ነው የሚያውቀው። ለመሀሉ ስም የለውም።

ኅዳር ላይ ሁሉንም በአንድ ቀን ልተው ብዬ ባጃጁን ለጓደኛዬ ሰጠሁና ከባሕር ዳር ፍኖተ ሰላም እናቴ ዘንድ ሄድኩ። የመጀመሪያው ቀን ላብ ብቻ ነበር። በሁለተኛው እጄ ተንቀጥቅጦ የቡና ስኒ መያዝ አቃተኝ። በማግስቱ ጠዋት ደጅ ላይ ወደቅሁ። የማስታውሰው የክብሪት ሽታ ነው። ጎረቤት ከቦኝ ክብሪት እየጫረ ያሸተኛል። «ለክፎት ነው» ይላል አንዱ።

ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀኝ «በቀን ስንት መለኪያ ትጠጣለህ?» ብሎ ነው። ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። ለዓመታት በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው ድንገት ሲያቆም እንዲህ ሊጥለው፣ ሊገድለውም ይችላል አለኝ። እኔ እኮ ጀግንነት መስሎኝ ነበር! አስተኝተው ዲያዜፓም ሰጡኝ፤ መጠኑንም በየቀኑ እየቀነሱ አወጡኝ። እናቴ ጸበል ልትወስደኝ ቸኩላለች። «ጸበሉንም ይያዝ እማማ፤ መድኃኒቱን ግን እንዳያቋርጥ» አላት። ይቺን ስላላት ዛሬም አመሰግነዋለሁ።

ሱሴን ደህና አድርጌ ያየሁት ከዚያ ወዲህ ነው። እቅማለሁ፣ እመረቅናለሁ። ምርቃናው እንቅልፍ ይነሳኛል። እሱን ለመስበር ጨብሲ፣ ማለትም አረቄ። ጠዋት ደግሞ ጨብሲው ራሴን ሲፈልጠው፣ ያው ወደ ጫቱ። የቱን ላስቀድም? የሚገድለኝን፤ አረቄውን። ጫቱን ቀስ እያልኩ ወደ አንድ ቀን አመጣሁት። ሳልበላ አልቅምም። ቅጠሉን አጥባለሁ፤ ፀረ ተባይ ይረጩበታል፣ ስንት ዓመት ሳላጥብ እንደበላሁ እግዜር ይወቀው። 10 ሰዓት ሲሆን ገራባዬን ጠርጌ እነሳለሁ። መጀመሪያ አካባቢ በማልቅምበት ሌሊት ዱካክ፣ ያ ጫት ሲቀር የሚመጣው ቅዠት፣ ሲጫወትብኝ ነበር የሚያድረው። አሁን ሳስቶልኛል።

እናቴ ይሄን አትቀበለውም። «ገደሉን እኩሌታ ወጥቶ መቀመጥ ነው» ትለኛለች። እውነቷን ሊሆን ይችላል። ግን ከታች ሆኜ ከማየው ይሻላል።

ትናንት የሚካኤል ዝክር ነበር እቤታችን። ሰዉ ጠላና ጠጁን ይዟል። እኔ ጥግ ይዤ እጄን የት እንደማደርገው ጠፍቶኛል። እናቴ ከጓዳ ወጣችና ምንም ሳትል ብርሌ አስጨበጠችኝ። ደነገጥኩ። ቀመስኩት፤ ብርዝ ነው። ቀለሙ ከጠጁ አይለይም።

«ጠጣ እንጂ፣ ምን ትተክዛለህ!» አሉኝ አጠገቤ ያሉት ሽማግሌ።

«እየጠጣሁ ነው አባባ» አልኩ።

እናቴ ሳይጎድል መጥታ ሞላችልኝ።