ጎንደር ሹሩባ ልሰራ ሄጄ

የአክስቴ ልጅ ሰርግ የልደታ ለት ነበር፣ ግንቦት 1 ቀን 2013፣ እሁድ። ከአዲስ አበባ በአውቶብስ ነው የሄድኩት፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስተን አባይ በረሃ ላይ ጆሮዬ ተደፍኖ፣ ደብረ ማርቆስ ምሳ በልተን ማታ ጎንደር ገባን፣ ሌላ የሚወራ የለውም፣ ከጎኔ የነበረው ሰውዬ ማስኩን አገጩ ላይ አድርጎ ሙሉ መንገድ ሲያስል ከመዋሉ በቀር።

የሚወራለት ሆቴሉ ነው። ፒያሳ አካባቢ ነው፣ ስሙን ተዉት። 500 ብር ከፍዬ ገባሁ፣ ቧንቧውን ስከፍት ፉጨት ብቻ። "ነገ ይመጣል" አለኝ ልጁ፣ ትንሽ እንኳን አላፈረም። በጀሪካን አምጡልኝ ብዬ አንድ ጀሪካን አመጡልኝ፣ ስወጣ ሂሳቡ ላይ 20 ብር ተደምሮ አገኘሁት። ከታች ደግሞ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት እስክስታ ነው። እኔ አዲስ አበባ አያት ሰፈር ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው፣ ውሃ የምናየው በሳምንት ሁለቴ ነው፣ ቤቴ ሆኜ ለምጄዋለሁ፣ ከፍዬ ስተኛ ግን አቃጠለኝ በቃ።

ቅዳሜ ጠዋት ሹሩባ ልሰራ ወጣሁ። ባጃጁን አውቶ ፓርኮ የሚባለው ሰፈር ውሰደኝ ስለው ከአነጋገሬ አዲስ አበቤ መሆኔ ገባው መሰለኝ 100 ብር አለኝ፣ ከፈልኩ። ፀጉር ቤት ስደርስ "ማነው እንዲህ ያረደሽ፣ 30 ብር እኮ ነው" አሉኝ።

ፀጉር ቤቷ አንድ ክፍል ናት። ሁለት የፕላስቲክ ወንበር፣ አንድ ዱካ፣ ግድግዳው ላይ የቢራ ካላንደርና የማርያም ስዕል፣ ቤቱ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ሁዳዴ አልቆ የሰርግ ሰሞን ስለገባ ወረፋው አይጣል ነው። ሴትዮዋ ዱካው ላይ አስቀምጣ ግማሽ ራሴን ጎንጉና ስትጨርስ "አንች፣ የምርጫ ካርድ አውጥተሻል?" አለችኝ። አዎ፣ አዲስ አበባ አውጥቻለሁ ስላት ቅር አላት፣ የሚሸጥ ነገር ይዛ ገዢ ያጣች ነው የምትመስለው። ወረፋ የሚጠብቁት ሴቶች ሳቁ። ልማዷ ነው አሉ፣ ግማሹን ሳትሰራ አትጠይቅም። "ግማሽ ራስሽ ተሰርቶ ግማሹ ተንጨፍርሮ የት አባትሽ ትሄጃለሽ፣ ትሰሚኛለሽ እንጅ" አለች ራሷ።

ያኔ እኮ ምዝገባው በጣም ቀዝቅዞ ነው ቀኑ የተራዘመው። ምርጫው ራሱ በኮሮና ምክንያት ከነሐሴ 2012 የተገፋ ስለሆነ ብዙ ሰው ረስቶት ነበር፣ ያኔ ቀኑ ግንቦት 28 ነበር፣ ወደ ሰኔ 14 የተዛወረው በኋላ ነው። እኛ ሰፈር ድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና "ውድ ነዋሪዎች" እያለች ትዞር ነበር፣ እኛ መስኮት እንዘጋለን። እዚህ ጎንደር ግን ፀጉር ቤቱ ጥግ ላይ ደብተር ይዛ የተቀመጠች አንዲት የህግ ተማሪ አለች፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ። ምርጫ ቦርድ የመራጮች ትምህርት ፈቃድ ከሰጠው አንድ ሲቪክ ማህበር ጋር ነው የሚሰሩት፣ እሷና ጓደኞቿ፣ ከሰፈሩ ሴቶች ጋር። ከተማውን የተካፈሉት በፀጉር ቤት፣ በጠላ ቤትና በዕድር ነው። ለምን አዳራሽ አትጠሩም ስላት "አዳራሽ የሚመጣው ሁልጊዜም የሚመጣው ሰው ነው፣ እሱም አበል አለው ወይ ብሎ ነው" አለችኝ። ድሮ ይሄ ሁሉ አይሞከርም ነበር አለች፣ በ2001 የወጣው የበጎ አድራጎትና ማህበራት አዋጅ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ማህበር መብት ምናምን የሚባል ነገር እንዳይነካ ከልክሎ ነበር፣ የተሻረው በ2011 በአዋጅ 1113 ነው። ትንሽ ታስረዝማለች፣ የህግ ተማሪ ናት፣ ምን ይደረግ።

አንዲት እናት ግን አልዋጥ አላቸው። "97 ላይ ሌሊት ተነስቼ ተሰልፌያለሁ፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ። 2007 ላይ የፓርላማውን 547 ወንበር ኢህአዴግና አጋሮቹ ጠቅልለው ወሰዱት። የኔ አንዲት ወረቀት ምን ትሰራለች?" ቤቱ ዝም አለ። ልጅቷም አልተከራከረቻቸውም፣ እሱን ወደድኩላት፣ ምክንያቱም ሴትዮዋ ያሉት ሁሉ እውነት ነው። ሰው እኮ ሳይገባው ሲቀር ብቻ አይደለም ቤቱ የሚቀመጠው፣ በደንብ ገብቶትም ይቀመጣል። ፀጉር ሰሪዋ ናት ከኔ ራስ ሳትነሳ "እማማ፣ ባለፈው የዕድሩን ሊቀመንበር ጨቅጭቀው ጨቅጭቀው ያወረዱት እርስዎ አይደሉ እንዴ?" ያለቻቸው። "እሱማ ሌባ ነበር" አሉ። ሳቅ በሳቅ ሆነ።

ቡና ሲፈላ ልጅቷ የሳሙና ካርቶን አወጣች፣ ክዳኑ ላይ መሰንጠቂያ አለው። ወረቀቶቹ ላይ በእስክሪብቶ ጋንና ብርሌ ተስሏል፤ ማንበብ የማይችል ሰው በምልክት ነውና የሚለየው፣ የማንንም ፓርቲ ምልክት እንዳይመስልባት ነው እንደዚህ ያደረገችው። ጥያቄው ነገ ሰርጉ ላይ ጠላ ይሻላል ጠጅ የሚል ነው። ከመጋረጃ ኋላ አንድ በአንድ እየገቡ ኤክስ ማድረግ ነው፣ ካልሆነ በጣት አሻራ። ሲቆጠር አንዱ ወረቀት ላይ ሁለቱም ላይ አሻራ አለ። የእማማ ነው፣ ራሳቸው ተናገሩ።

"ይሄማ ውድቅ ነው እማማ።"

"ምን ያረገዋል! ሁለቱንም እጠጣለሁ።"

ጠጅ አሸነፈ። እማማ እስክንወጣ ድረስ ድምፄ ተሰረቀ እያሉ ነበር።

ፀጉር ቤት ውስጥ የማስተማር ሀሳብ የመጣው ከየት ነው ብዬ ተማሪዋን ጠየቅኳት። ስለ አሜሪካ ጥቁሮች አንብባ ነው። ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ጆንስ አይላንድ የምትባል ደሴት አለች፣ ኢሳው ጄንኪንስ የሚባል ሰውዬ በአውቶብሱ ሰው ወደ ከተማ ስራ እያመላለሰ መንገድ ላይ ለመራጭነት ምዝገባ ፈተና የሚጠየቀውን የህገ መንግስት አንቀፅ ያስጠናቸው ነበር፣ ያኔ ጥቁር ሰው አንብብ እየተባለ ነው ከመዝገብ የሚጣለው። በፈረንጅ 1957 ትምህርት ቤት ሲከፍቱ ከፊት ሸቀጥ ይሸጣል ከኋላ ትምህርት ነው፣ ነጮቹ እንዳይነቁ። አስተማሪዋ በርኒስ ሮቢንሰን ደግሞ የውበት ሳሎን ባለሙያ ነበረች። ልጅቷን የገረማት ይሄ ነው፦ ደንበኞቿ ጥቁሮች ናቸው፣ ነጭ አሰሪ የላትም፣ ስለዚህ ከስራ የሚያባርራት የለም። አንድ ሴትዮ ይሄን ሰምተው "ታዲያ ለማን እንምረጥ?" አሉ። እሱን መናገር አይፈቀድልንም ስትላቸው "እንግዲያው ምን ልታደርጊ መጣሽ" ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ልጅቷን ከዚህ የበለጠ የሚያደክማት ጥያቄ የለም።

የኔ ሹሩባ ሊያልቅ ሲል አንዲት ልጅ የአሰሪዋን ዊግ ልታሰራ ይዛ መጣች። የቤት ሰራተኛ ናት፣ ከገጠር መጥታ አመት ሆኗታል፣ ለመመዝገብ ስድስት ወር መኖር ነበር የሚጠበቅባት፣ 18 አልፏታል፣ መታወቂያ ግን የላትም። የቤቱ ባለቤት ካልፈረመላት ቀበሌ አይሰጣትም፣ አሰሪዋ ደግሞ "ምን ሊሰራልሽ" ይሏታል። ፀጉር ሰሪዋ ማበጠሪያውን እኔ ጭን ላይ ወረወረችው። መታወቂያ ባይኖርሽም የሚያውቁሽ ነዋሪዎች ከመሰከሩልሽ ትመዘገቢያለሽ ብላ ነጠላዋን አነሳች፣ እኔን በሁለት ሹሩባ ጉድለት ትታኝ እማማንና የጎረቤት ባለሱቁን ይዛ ወጣች። እማማ አይመርጡም፣ ለመመስከር ግን የመጀመሪያዋ ተነሺ እሳቸው ናቸው። ለምሳ ተዘግቷል ተብለው ተመለሱ። ልጅቷ ከዚህ በላይ ከቆየሁ እባረራለሁ ብላ ዊጉን ይዛ ሮጠች።

የቀረችውን ሁለት ሹሩባ ጨርሳልኝ 200 ብር ከፈልኩ፣ አዲስ አበባ በዚህ ዋጋ ማበጠሪያም አያነሱልሽም። ሰርጉ ሰርግ ነበር፣ ጠላውም ጠጁም ነበር። ሰኞ ሌሊት ተመለስኩ፣ አሁንም ውሃ ሳላይ።

ረቡዕ ለፀጉር ሰሪዋ ደወልኩላት፣ ቅቤው አንገቴን አሳክኮኝ ምን ልቀባ ብዬ። የቤት ሰራተኛዋስ ስላት ማክሰኞ ገበያ ስትላክ በዚያው ይዘናት ሄድን፣ ካርዷን ወስዳለች አለች። ካርዱ የተቀመጠው ፀጉር ቤት ነው፣ ቤት ብትወስደው ይቀደድብኛል ብላ። አሰሪዋ ግን የሆነ ሰው ነግሯቸው ፀጉራቸውን ፒያሳ መሰራት ጀምረዋል። "በየሳምንቱ ይመጡ የነበሩ ደንበኛ ናቸው፣ ቀሩብኝ" አለችና ስለ ቅቤው በለብ ያለ ውሃ ታጠቢው አለችኝ።