ከ«እግዚአብሔር ይፍታህ» በኋላ

አይሁድ ጌታን «የአብርሃም ዘር ነን፤ ለማንም ባሪያ ሆነን አናውቅም» ሲሉት በሮም አገዛዝ ሥር ነበሩ። እርሱ ግን የሮምን ነገር ትቶ «ኃጢአት የሚያደርግ ሁሉ የኃጢአት ባሪያ ነው» አላቸው (ዮሐ. 8፥34)። ስለ መንፈሳዊ ነጻነት ከዚህ ቃል ተነሥቶ ብዙ ይሰበካል። ሰው ከዚያ ባርነት የሚወጣው በየት በኩል፣ ምን አድርጎ እንደሆነ ግን ብዙ ጊዜ ሳይነገር ይታለፋል።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በሩ ንስሐ ነው፤ ከ7ቱ ምሥጢራት አንዱ። ከልብ መጸጸት፣ ለካህን መናዘዝ፣ ቀኖናን (ካህኑ የሚያዝዘውን ጾም፣ ስግደት ወይም ምጽዋት) መፈጸም ይጠይቃል። አብዛኛው ሰው ሁለቱን አድርጎ በሦስተኛው ላይ ይሰንፋል፤ ወደ ቀድሞ ኃጢአቱ የሚመለስበትም ምክንያት በአብዛኛው እዚያ ነው።

የሚናዘዝ ሰው አስቀድሞ ቤቱ ቁጭ ብሎ ራሱን ይመርምር። አሥርቱን ትእዛዛት አንድ በአንድ፣ ቀጥሎ በማቴዎስ 25 ያሉትን የተራበውን፣ የተጠማውን፣ እንግዳውን፣ የታረዘውን፣ የታመመውንና የታሰረውን እያነሣ ማየት ይበቃዋል። የሚረሳ ከሆነ በወረቀት ይያዘው፤ ሲጨርስ ይቅደደው። ኑዛዜን የሚያበላሸው ጥቅል አነጋገር ነው። «አባቴ፣ ያልሠራሁት ኃጢአት የለም» ማለት ትሕትና ይመስላል፤ ካህኑ ግን ከዚህ ምን ይዞ ይመክራል? «ከእህቴ ጋር በውርስ ቤት ተጣልተን 3 ዓመት አልተነጋገርንም፤ ባሏ ሲሞት እንኳ ለቅሶ አልደረስኳትም» ሲባል ግን መድኃኒቱም አብሮ ይታያል። ሌላው ወጥመድ የሰው ኃጢአት መናዘዝ ነው። ስለ ባል ወይም ስለ አለቃ ክፋት ግማሽ ሰዓት ተወርቶ የራስ ነገር በሁለት ቃል ያልቃል።

የንስሐ አባት ቅስና ያለው መሆን አለበት። ዲያቆን ወይም ቅስና የሌለው መነኩሴ ይመክራል እንጂ አይፈታም።

ቀኖናን እንደ መቀጮ የሚቆጥሩ አሉ። መቀጮ ቢሆን ኖሮ ለሁሉም እኩል በሆነ ነበር። አባት ግን ዕድሜን፣ ጤናን፣ የሥራን ጠባይ አይቶ ነው የሚሰጠው፦ ለአንዱ የ7 ቀን፣ ለሌላው የ40 ቀን ጾም ከስግደት ጋር፤ ለነፍሰ ጡር ወይም ወገቡን ለሚያመው ደግሞ በስግደቱ ፈንታ ዳዊት መድገምና ምጽዋት። ከትንሣኤ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ጾምም ስግደትም ስለሌለ በዚያ ሰሞን የተናዘዘ ሰው መቼ እንደሚጀምር ከአባቱ ጋር ይነጋገር። በጣም የሚጎዳው በሞቅታ «አባቴ፣ ይጨምሩብኝ» የሚለው ነው። በሁለተኛው ሳምንት ይደክመዋል፤ ከዚያ አባቱን በመንገድ ሲያይ ፊቱን ያዞራል። ካቃተው ሄዶ «አልቻልኩም» ይበል፤ ያሰረው አባት ያቀልለታል።

የሰው ገንዘብ ያለበት ሰው ምንም ያህል ቢሰግድ ዕዳው አይሰረዝለትም። ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ነው ያለው (ሉቃ. 19፥8)። ባለቤቱ ከሞተ ለወራሾቹ፣ ጨርሶ ካልተገኘ በአባት ምክር ለድሆች ይሰጣል።

ካህኑ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ሲል ኃጢአቱ ይሰረያል፤ ልማዱ ግን እዚያው ሊጠብቅ ይችላል። በሉቃስ 11 ከሰው የወጣው ርኩስ መንፈስ ሲመለስ ቤቱ ተጠርጎና አጊጦ ቢያገኘው ሰባት ሌሎች ይዞ ይገባል። ከመጠጥ የተፈታ ሰው የደመወዝ ቀን ማታ የት፣ ከማን ጋር እንደሚሆን አስቀድሞ መወሰን አለበት። ያ ሰዓት ባዶ ከቀረ የሚሞላው የድሮው ጓደኛ ነው። ጳውሎስም አርነታችሁ ለሥጋ ምክንያት አይስጥ ያለው ነጻ የወጡትን ነው (ገላ. 5፥13)።

አንድ ነገር ግን ሁሌም ይገርመኛል። በአጥቢያዎቻችን ወደ ቁርባን የሚቀርቡት በአብዛኛው ሕፃናትና አረጋውያን ናቸው። ወጣቱና ጎልማሳው ይጾማል፣ ያስቀድሳል፣ ግን «ዳግም ብወድቅስ» ብሎ እስከ እርጅና ያቆየዋል። ነጻነትን ከቶ አለመውደቅ አድርጎ ስለሚያስበው ነው። ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ ክዷል፤ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ሦስት ጊዜ «ትወደኛለህን» ተብሎ ተጠየቀ እንጂ ሐዋርያነቱ አልቀረበትም። ቀኖናውን የጨረሰ ሰው ከአባቱ ፈቃድ ይቀበል፣ ከመቁረቡ በፊት 18 ሰዓት ይጹም፣ ይቅረብ። ከቆረበ በኋላ ያን ቀን አይሰግድም። ቢወድቅ በዚያው ሳምንት ወደዚያው አባት ይሂድ፤ አዲሱን ብቻ ይናገር፣ የተፈታበትን ደግሞ አያንሣ።