ጥያቄ ይዞ መሄድ፣ መልስ ይዞ መመለስ

ሰላም ለሁላችሁ፣ በተለይ ዘንድሮ በየግቢያችሁ ለተማሪዎች ህብረት ለተመረጣችሁ። እኔ ጎጃም ውስጥ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ የምማር የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የህብረቱ ሰብሳቢ ሆኜ ከተመረጥኩ ዓመት አልፎኛል። ሥራውን የተማርኩት እየሠራሁ ነው፤ አሁንም እየተማርኩ ነው። እስካሁን የደረስኩበትን ልጻፍላችሁ። የሚጠቅማችሁን ውሰዱ፤ የምታውቁትን ደግሞ ጨምሩበት።

ስለ ምርጫው ብዙ አልልም። ከክፍል ተጠሪነት ተነስቶ በዲፓርትመንት፣ በኮሌጅ እያለ ጠቅላላ ጉባኤ ይደርሳል። ፖስተር ይለጠፋል፣ ላውንጅ ውስጥ ንግግር ይደረጋል፣ ያልቃል። ሥራው የሚጀምረው በማግስቱ፣ የዶርምሽ በር ገና በጠዋቱ ሲንኳኳ ነው። "ውሃ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ የለም።" "ስሜ ምደባው ላይ አልወጣም።" "ፕሬዝ፣ ሬጅስትራር ነገ ና፣ ነገ ና እያለ አመላለሰኝ።"

መመረጤን ለቤተሰብ ስነግር አባቴ "ትምህርትሽን አደራ" ብሎ አለፈው። አያቴ ግን ብዙ ጠየቁኝ። እሳቸው በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲነሳ ጎረምሳ ነበሩ። በ1957 አዲስ አበባ ላይ "መሬት ላራሹ" ብለው የወጡትን ተማሪዎች፣ በታኅሣሥ 1962 የተገደለውን የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛውን ስማቸውን እየጠሩ ያነሳሉ። "እነዚያ ልጆች የጮሁት ለእኛ ለባላገሮቹ ነው። አንቺስ ለማን ልትጮሂ ነው?" አሉኝ። በዶርም ውሃ ስለጠፋባቸው ልጆች ነገርኳቸው። "እሱም ጥሩ ነው" አሉ። ይህን ጥያቄያቸውን ብዙ ቀን አስቤበታለሁ።

መጀመሪያ የለመድኩት ቅሬታን ወረቀት ላይ ማስፈር ነው። በጩኸት የቀረበ ቅሬታ የሚሰማውን ሰው ያስደነግጠዋል፤ ጩኸቱ ሲበርድ ግን ቅሬታውም አብሮ ይረሳል። የምግቡን ጉዳይ ልንገራችሁ። የክፍል ተጠሪ ሳለሁ ለአንድ ተማሪ የሚመደበው የቀን የምግብ በጀት 22 ብር ነበር። አንድ ኩንታል ጤፍ ደግሞ ወደ 10 ሺህ ብር ተጠግቶ ነበር። ኪሎው መቶ ብር ገደማ መሆኑ ነው። በ22 ብር ሩብ ኪሎ ጤፍ እንኳ አይገዛም፤ ቁርስ፣ ምሳና ራት ግን ከዚያችው ነው የሚወጡት። ይህን ስሌት በአንድ ገጽ ጽፈን ስናቀርብ ስብሰባው መልኩን ቀየረ። "ምግቡ አይበላም" ስንል ሲከራከሩን የነበሩት ኃላፊ ቁጥሩን ሲያዩ እስክሪብቶ አውጥተው አብረውን ማስላት ጀመሩ። በ2017 ዓ.ም. በጀቱ ወደ 100 ብር ያደገው በመንግሥት ውሳኔ ለሁሉም የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ነው። የእኛ አንድ ገጽ አመጣችው አልልም። ግን ጭማሪው ሲመጣ የምግብ ዝርዝሩ እንዴት ይቀየር የሚለውን ጽፈን ጨርሰን ነበር።

ለተማሪው ደጋግሜ የማስረዳው አንድ ነገር አለ። ብዙዎቻችን የግቢ ምግብ በነፃ የሚሰጠን ይመስለናል። የወጪ መጋራት ቅጹን ስንፈርም ግን ምን እንደምንፈርም አናነብም። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሥርዓት የምግብና የመኝታ ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ የትምህርቱ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶ በተማሪው ስም ይመዘገባል። ተመርቀን ሥራ ስንይዝ የምንከፍለው ዕዳ ነው። ይህን ያወቀ ተማሪ ካፌ ውስጥ ሲጠይቅ አነጋገሩ ይለያል። ይረጋጋል፤ ግን አይለቅም።

ከዓመቱ ሥራ ሁሉ ልቤ የቀረው የጾሙ ጊዜ ላይ ነው። በ2017 ዐቢይ ጾም የገባው ሰኞ የካቲት 17 ነው። ረመዳን ደግሞ በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ጀመረ። ወጥ ቤታችን አንድ ነው። የሚጾመው ክርስቲያን ምሳውን ከ9 ሰዓት በኋላ ይፈልጋል። የማይጾመው በ6 ሰዓት ይራባል። ሙስሊሙ ፀሐይ ስትጠልቅ ያፈጥራል፤ ሌሊት ደግሞ ሱሁር፣ ጾሙ ሳይገባ የሚበላው ምግብ፣ አለበት። ባለፉት ጊዜያት እያንዳንዱ ለየብቻው ማመልከቻ ያስገባና ለየብቻው ይመለስ ነበር። እኛ የሙስሊም ተማሪዎችን ተወካዮች፣ የግቢ ጉባኤ (የኦርቶዶክስ ተማሪዎች ማኅበር) ልጆችንና የፕሮቴስታንት ተማሪዎችን አንድ ላይ አስቀመጥን። የወጥ ቤት ሠራተኞችንም ጨመርን፤ ከዚያ በፊት ስብሰባ የጠራቸው አልነበረም። ስለ ድስትና ስለ ሰዓት ብቻ ተነጋገርን።

መፍትሔው የመጣው ከፈረቃ ኃላፊዋ ነው። እታለም እንላቸዋለን፣ ግቢው በሙሉ። "ልጆቼ፣ እንጀራው እንደሆነ ማታ ይጋገራል። ወጡን ሌሊት 9 ሰዓት ተነስቶ የሚያሞቅ ሰው ካለኝ እኔ ችግር የለብኝም" አሉ። ቀን ልጆቻቸውን መጠበቅ ያለባቸው ሁለት እናቶች የሌሊቱን ፈረቃ ራሳቸው ጠየቁ። የቀረው የጥበቃና የአበል ጉዳይ ስለነበር ለዲኑ በጽሑፍ አቀረብነው፤ ተፈቀደ። አንድ ማታ ካፌ ስገባ የግቢ ጉባኤ ልጆች ትሪ ይዘው ለሚያፈጥሩት ሲያድሉ አየሁ። ማንም አላዘዛቸውም። ከሶማሌ ክልል የመጣ የፍሬሽ ተማሪ "ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት" አለኝ። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

ሁሉም ነገር ግን እንዲህ አያልቅም። ቤተ መጻሕፍቱ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት እንዲሆን ጠይቀን የጄኔሬተር ነዳጅ የለም ተባልን። እንዲህ ያለውን መልስ ለተማሪው ማድረስ ጥያቄውን ከማቅረብ ይከብዳል። ተመራጩ ዝም ካለ ተማሪው "ተገዝታለች" ይላል፤ አይፈረድበትም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ስብሰባ በኋላ በዚያው ቀን ሰሌዳ ላይ እንለጥፋለን፦ ምን ጠየቅን፣ ማን ምን መለሰ፣ ቀጥሎ የት እንሄዳለን። "አይሆንም" የሚለውም ሳይቀባባ ይጻፋል። ይህን ከጀመርን ወዲህ በሬን የሚያንኳኳው ሰው አልቀነሰም፤ የሚመጣው ግን ሰሌዳውን አንብቦ ነው። ነዳጁንም ቢሆን ለፈተና ሰሞን ብቻ ብለን ስንመለስ ተሳካልን። ለጂሲዎች፣ ማለትም ለተመራቂዎቹ፣ ትልቅ ነገር ነበር። የመውጫ ፈተናው በ2015 ከተጀመረ ወዲህ 50 በመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አይወስድም፤ ፈተናው ደግሞ በኮምፒውተር ነው። ማታ ማታ ላብራቶሪ ተከፍቶላቸው ማለማመጃ ሠሩ፤ ቀድመው ያለፉ ልጆችም መጥተው አስጠኗቸው።

በክልላችን መንገድ የሚዘጋበት፣ ኔትወርክ የሚጠፋበት ጊዜ እንዳለ ታውቃላችሁ። ከሩቅ የሚመጣ ተማሪ ዓባይ በረሃን ተሻግሮ ደጀን እስኪደርስ ቤተሰቡ እንቅልፍ የለውም። የምዝገባ ቀን ሲያልፍባቸው ከየክፍሉ ተጠሪ ስም ሰብስበን፣ ማን የት እንደቀረ ጽፈን ለሬጅስትራር አስገባን። ቀኑ ተራዘመ። እዚህም ላይ የሠራው ዝርዝሩ ነው።

አሁን የያዝኩት ሥራ መዝገብ ማዘጋጀት ነው። ስመረጥ ከቀደመው ኮሚቴ ያገኘሁት ማኅተምና የቢሮ ቁልፍ ብቻ ነበር። ምን ተጠይቆ እንደነበር፣ ማን ምን ቃል እንደገባ የሚያሳይ ወረቀት አልነበረም። ለሚተኩን ልጆች ቃለ ጉባኤውን፣ የደብዳቤ ቅጂዎቹን፣ የጾሙን ጊዜ የፈረቃ ሠንጠረዥ በፋይል እያደራጀን ነው። ከቤተ መጻሕፍት ወደ ሴቶች ዶርም በሚወስደው መንገድ ላይ መብራት እንዲገባ የጠየቅንበት ደብዳቤ ገና መልስ አላገኘም። እሱ ከላይ ይቀመጣል፤ እስከዚያው ማታ ማታ በቡድን መሄዱን ቀጥለናል።

አንድ ጥያቄ ልተውላችሁ። ነን ካፌ የሆኑ፣ ማለትም በግቢው ካፌ ከመመገብ ይልቅ የምግቡን በጀት በገንዘብ የሚቀበሉ ተማሪዎች ወርሃዊ ክፍያ ሲዘገይባቸው በእናንተ ግቢ እንዴት ነው የምትከታተሉት? እኛ ጋ ልጆቹ ተበድረው ነው ወሩን የሚገፉት። የተሳካለት ግቢ ካለ፣ ደብዳቤውን ለማን እንደጻፋችሁና ምን ብላችሁ እንደጻፋችሁ ንገሩኝ።